ሁለት ኮከብ፣ አንዱ የካፒቴኑ ነው

ከአምስት ሁለት ኮከብ የሰጠሁት ከቺካጎ ኦሄር አየር ማረፊያ ወደ ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ለሚሄደው የዓርብ ማታ የመጨረሻ በረራ ነው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። የትልቁን አየር መንገድ ቀለም የተቀባ፣ የሚያበርረው ግን ሌላ ትንሽ ኩባንያ የሆነ ባለ 50 ወንበር ጄት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ከተሞች የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሄድኩት ክርስትና ላነሳ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወልዳ ቅዳሜ 80 ቀኗ። ልደት ቢሆን ለእሁድ ይገፋል፣ ሰርግም ቢሆን ሙሽሮቹ ራሳቸው ያረፍዳሉ። 80 ቀን ግን 80 ቀን ነው፣ የክርስትና እናት ኦሄር ቀረች ተብሎ ቅዳሴ አይቆምም።

መነሻው ማታ 6:50 ነበር (ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አፑ መጀመሪያ 7:20 አለ። ከዚያ 7:50። ከዚያ 8:30። ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ እየቆነጠሩ መስጠት ነው። እቅጩን በጊዜ ቢነግሩኝ መኪና ተከራይቼ፣ 9 ሰዓት ገደማ ነው መንገዱ፣ ሌሊቱን ነድቼም ቢሆን ለቅዳሴው እደርስ ነበር።

የሚገርመው ሰማዩ ጥርት ብሏል። አውሮፕላኑ በሩ ላይ ቆሟል። ሆስተሷ አለች፣ ረዳት አብራሪውም አለ። የጠፋው ካፒቴን ነው። የተመደበው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሲመላለስ ውሎ በሌላ መስመር ዘገየና ሰዓቱ ሞላበት፣ ተጠባባቂዎቹም አልቀዋል። ጌት ላይ የነበረችው ልጅ ይህን የነገረችኝ በሦስተኛ ጥያቄዬ ነው፣ ያውም ዝቅ ባለ ድምፅ።

በሰዓቱ አልቀየምም። ሁለት አብራሪ ብቻ ያለበት በረራ ላይ በአንድ የሥራ ቀን ከ8 ወይም ከ9 ሰዓት በላይ ማብረር በሕግ ክልክል ነው፣ የትኛው እንደሚሆን ሥራ የጀመሩበት ሰዓት ይወስነዋል። ደክሞት የሚያንቀላፋ ሰው ሱ ፎልስ እንዲያደርሰኝ አልፈልግም። የምቀየመው መተኪያ የሌለውን ሰው ሰዓት እስከ ጫፉ ሞልተው ትኬት በሚሸጡት ነው።

መዘግየቱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል ስላልቀረው ስልኬን ስጎረጉር አመሸሁ። ካፒቴን ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ? በፈረንጆቹ 2009 ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ የእንዲህ ዓይነት ትንሽ ኩባንያ አውሮፕላን ወድቃ 50 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ረዳት አብራሪ ለመሆን ይበቃ የነበረው 250 የበረራ ሰዓት ከ2013 ጀምሮ ባብዛኛው 1,500 ሆነ። (የወደቀችውን ያበርሩ የነበሩት ሁለቱም ከ1,500 በላይ ነበራቸው፣ ይሄ ክርክር እስከዛሬ አላለቀም።) ካፒቴን ለመሆን ደግሞ አየር መንገድ ውስጥ ሌላ 1,000 ሰዓት ይጠየቃል። በላዩ ላይ ኮቪድ መጣና ትልልቆቹ አየር መንገዶች አንጋፋዎቹን ብር ከፍለው በጊዜ ጡረታ አስወጡ። ሕዝቡ ተመልሶ መብረር ሲጀምር ሰው ያጡት እነሱው ናቸው፣ የጎደላቸውን ደግሞ ከትንንሾቹ ኩባንያዎች ወሰዱ። አንድ ልጅ ካፒቴን ለመሆን ሲበቃ ትልቁ ይነጥቀዋል ማለት ነው። በ2022 ለትልልቆቹ የሚያበርረው ስካይዌስት ብቻውን 29 ትንንሽ ከተሞችን ልለቅ ነው ብሎ ያመለከተው አብራሪ አጥሮኝ ነው በሚል ነበር።

ታዲያ ቀዳዳው በምን ይደፈናል? በእረፍት ቀን። ኩባንያው ቤቱ ለተቀመጠ አብራሪ መልእክት ይልካል፣ ና፣ የመደበኛውን ክፍያ አንድ ተኩል እንከፍልሃለን፣ ሲብስበት እጥፍ። ዴልታ አየር መንገድ ውስጥ ይህን «ግሪን ስሊፕ» ይሉታል፣ እጥፍ ነው። በ2017 መጨረሻ አሜሪካን ኤርላይንስ የፕሮግራም ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ለገና ሰሞን ከሚገባው በላይ አብራሪ እረፍት ሲያስወጣ፣ በረራዎቹን ለሚይዙለት አንድ ተኩል እከፍላለሁ ያለው ለዚሁ ነው። ግን ብር ሰዓት አይፈጥርም። አንድ አብራሪ በ28 ቀን ከ100 ሰዓት፣ በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረር አይችልም። ዛሬ በእጥፍ የተገዛው ሰዓት በወሩ መጨረሻ ላይ ይጎድላል። እጅጌ ቀዶ ጉልበት እንደመጣፍ ነው።

በመሃል የ12 ዶላር የምግብ ቫውቸር ሰጡን። በ12 ዶላር ኦሄር ውስጥ ሳንድዊች ጠይቁ እስቲ። ለጓደኛዬ ብዬ ከቨርጂኒያ ተሸክሜ የመጣሁትን ድፎ ዳቦ ፈታሁት፣ አጠገቤ ለነበሩ አንድ ሽማግሌና ለሆስተሷም ቆረስኩ። እሷም ምስኪን ናት። ዋናው ክፍያዋ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከበሩ ሲላቀቅ ነው። ብሬ ይመለስ ማለትም ይቻላል፣ የአገር ውስጥ በረራ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ አልሄድም ብሎ ገንዘብን መቀበል መብት ነው። ግን ገንዘቤን ይዤ ኦሄር ላይ ማንን ክርስትና ላነሳ?

11:25 ላይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ሻንጣውን እየጎተተ በሩጫ መጣ። ጌቱ አካባቢ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔ ልልል አልኩ። 11:40 ተነሳን። በረራው ራሱ? ወንበሩ ጠባብ፣ ውሃ እንጂ ሌላ የለም፣ ሻንጣዬን ከነሐበሻ ቀሚሴ አውሮፕላኑ በር ላይ ተቀበሉኝና ስንወርድ እዚያው መለሱልኝ። አነዳዱ ግን ለስላሳ፣ መሬት መንካታችንን ራሱ አላወቅሁም።

ስንወርድ ካፒቴኑ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አመሰገንኩትና ከየት አመጡህ አልኩት።

«ዛሬ እረፍቴ ነበር፣ ከልጆቼ ጋር ፒዛ እየበላሁ ነው የደወሉልኝ።»

«እጥፍ ከፈሉህ?»

ሳቀ። «ባይከፍሉ ፒዛዬን እጨርስ ነበር።»

ይገባዋል። የዓርብ ማታውን ነው የሸጠላቸው። እኔም የዓርብ ማታዬን ሰጥቻቸዋለሁ፣ የኔ ዋጋ 12 ዶላር ነው። ልዩነቱ እሱ ቀርቶ ቢሆን አውሮፕላኑ አይነሳም፣ እኔ ብቀር ይነሳል።

1:15 ሌሊት ደረስኩ። ሁለት ሰዓት ተኝቼ ቤተ ክርስቲያን። ልጅቱ ውሃው ሲነካት እንዴት እንዳለቀሰች! እኔ ደግሞ ቆሜ ሳንቀላፋ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ጎነተለችኝ።

በዚህ መስመር የምትሄዱ ካላችሁ የማታውን የመጨረሻ በረራ አትያዙ። የቀኑ መዘግየት ሁሉ ተንከባሎ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ያዙ፣ አውሮፕላኑም አብራሪዎቹም ባብዛኛው እዚያው ከተማ ያደሩ ናቸው። ለመልሱ እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ጠዋት 6:00 ላይ በደቂቃው ተነሳ። ኮከብ ግን አልጨመርኩም።