አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ) ለቸገራችሁ፦ አንዲት እህት ልጠቁማችሁ

ይህን ምስጋና እዚህ የምጽፈው በስልክ ሳመሰግናት ስለማታስጨርሰኝ ነው። «ኧረ ምን አደረግኩ ጋሼ» ትልና ወሬ ትለውጣለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ ላፕቶፕ ከፍታ የምትቀመጠዋ ልጅ ናት። የምታውቋት ታውቋታላችሁ።

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። የክፍያ ማሽን ገባ፣ ሰዓታችን ተቀነሰ፣ በመጨረሻም «ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ» ተባልኩ። መካሪ አልጠፋም። አንዱ «የምትኖረው ሜሪላንድ ነው፣ እዚያው አመልክት» አለኝ። ሌላው «ተወው፣ ዌልፌር ነው፣ የድሃ እርዳታ፣ ስምህ ይበላሻል» ብሎ አስፈራራኝ።

ልጅቷ ሁለቱንም አጠራችልኝ። የሚታየው የተሠራበት ቦታ ነው። እኔ የሠራሁት ዲሲ ብቻ ስለሆነ የማመለክተውም ዲሲ ነው። ገንዘቡ ደግሞ መድን ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1935ቱ የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲሆን፣ ዲሲ ውስጥ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። «ጋሼ፣ ሲሠሩ በከረሙበት የተከፈለልዎ ነው» አለችኝ።

ሂሳቡንም ወረቀት ላይ አሳየችኝ። ከማመልከቻው በፊት ካለቁት አምስት ሩብ ዓመቶች የመጀመሪያዎቹን አራቱን ያያሉ። ከነሱ ውስጥ ብዙ የተከፈላችሁበት ሩብ ዓመት ለ26 ይካፈላል። በዚያ ሩብ ዓመት 9,100 ዶላር ያገኘ ሰው በሳምንት 350 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። እኔ ባመለከትኩ ጊዜ የሳምንቱ ጣሪያ 444 ዶላር ነበር፣ ቢበዛ ለ26 ሳምንት። ታክስ አለበት። ለፌዴራል 10 በመቶ ከወዲሁ ይቆረጥልኝ ማለት ይቻላል።

ግን ያመሰገንኳት ለሂሳቡ አይደለም። ፎርሙ ላይ ከሥራ የወጣችሁበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ እጇን ከኪቦርዱ አነሳችና «ቀስ ብለው የሆነውን ይንገሩኝ፣ ማን ምን አለ?» አለችኝ። የእኛ ሰው «አባረሩኝ» ማለት ያፍራል። ክብሩን ለመጠበቅ «ራሴ ለቀቅኩ» ብሎ የሚሞላ ስንት አለ መሰላችሁ! የዲሲ ደንብ ግን ለሠራተኛው ያደላል። ሰውየው ራሱ በፈቃዴ ለቀቅኩ ካላለ፣ ወይም አሠሪው በማስረጃ ካላሳየ በቀር፣ ሥራውን ያጣው ሳይወድ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህን ጥቅም በገዛ እጃችሁ አትጣሉት።

የእኔ አሠሪ «ራሱ ነው የለቀቀው» ብሎ መልስ ሰጠ። የመከልከያ ደብዳቤ መጣልኝ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ደብዳቤውን ገልብጣ ቀኑን ፈለገች። አፒል (ይግባኝ) የሚባለው ደብዳቤው በተላከ በ15 ቀን ውስጥ ነው፣ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። ፖስታ ሳጥናችሁን በየቀኑ ክፈቱ የምላችሁ ለዚህ ነው። አፒሉን ዕለቱኑ አስገባን። «አሁንም የክፍያ መጠየቂያውን በየሳምንቱ መሙላቱን እንዳያቆሙ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ለካ ስንቱ አፒሉን ያሸንፍና ሳምንቶቹን ስላልሞላ ገንዘቡ ይቀርበታል። ሥራ የጠየቅኩባቸውን ቦታዎች የምጽፍበት ደብተርም ያስያዘችኝ እሷው ናት።

ችሎቱ በስልክ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለመኪና ማቆሚያ ሂሳብ ይበቃል፣ ለዳኛ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያዛል። ቀድማ አስጠየቀችልኝ። እሷ ራሷ ልታስተረጉምልኝ ትችል ነበር፣ ግን እምቢ አለች። «የእርስዎ ወገን ነኝ፣ ዳኛው ገለልተኛ ሰው ይስማ» አለች። ይህን ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል። አሠሪዬ ማስረጃ አላቀረበም፤ ለእኔ ተፈረደልኝ። በየሳምንቱ ስሞላ ስለነበር ያለፈውም ተከፈለኝ።

ለመሄድ የምታስቡ መታወቂያችሁን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን፣ የሥራ ፈቃዳችሁን፣ የደሞዝ ወረቀታችሁንና የአሠሪያችሁን አድራሻ ያዙ። ሥራ ባቆማችሁበት ሳምንት ሂዱ፣ ምክንያቱም ቆጠራው የሚጀምረው ካመለከታችሁበት ሳምንት ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሠራችሁ የራሳቸው ሕግና ቀነ ገደብ አላቸው፣ የእኔን እንዳለ አትውሰዱት። ኡበር የምትነዱ ወንድሞች፣ የራሳችሁን ሥራ እንደምትሠሩ እንጂ እንደ ተቀጣሪ ስለማትቆጠሩ ብዙውን ጊዜ ይህ እናንተን አይመለከትም። እሷም ፊት ለፊት ትነግራችኋለች እንጂ በከንቱ አታመላልሳችሁም።

ልጅቷ ገንዘብ አትቀበልም። ፓስወርድ ስታስገቡ ፊቷን ታዞራለች። «ከሚመጣው ፐርሰንት ትሰጠኛለህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሱ ሌላ ሰው ነው፣ ሽሹት።