ባለ አየር ኪስ የዊልቸር ትራስ፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን በየቀኑ የሚያየው ሰው ይፈልጋል

ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ዊልቸሩ ነው። ትራሱ ግን ከዊልቸሩ አያንስም። መቀመጫው ላይ ስሜት የሌለው ሰው ሲቆረቁረው አይታወቀውም፤ ስለዚህ እንደ ሌላው ሰው ወዲያ ወዲህ አይልም። መቀመጫ አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይቆስላል፤ ቁስሉ ከጠለቀ ደግሞ ለወራት ያስተኛል፣ ፊዚዮቴራፒውም ይቋረጣል።

ባለ አየር ኪሱ ትራስ፣ በሰፊው የሚታወቀው ሮሆ የተባለው ነው፣ በውስጥ የተገናኙ የጎማ ኪሶች ረድፍ ነው። ሰው ሲቀመጥበት አየሩ ብዙ ከተጫነው ኪስ ወደ ሌላው ስለሚሄድ ሰውነት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ክብደቱም አጥንት ላይ ብቻ አያርፍም። ጫና በማከፋፈል ከተራ ስፖንጅ በእጅጉ ይበልጣል፣ ዝልግልግ ጄል ከተሞላው ትራስ ደግሞ በክብደት ይቀላል።

ዋጋውን የሚያጣው አየሩ ሲዛባ ነው። አብዛኛው አስታማሚ ጠጠር እስኪል ይነፋዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው አይሰምጥም፣ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ አጥንቱም እንደገና ይጫናል። አየሩ ሲያንስ ደግሞ አጥንቱ የወንበሩን ወለል ይነካል። ልኩ በዓይን አይታወቅም፣ በእጅ ነው። መጀመሪያ ትራሱን በደንብ ንፉና ቫልቩን ዝጉ። ታማሚው እግሩን ማሳረፊያው ላይ አድርጎ እንደ ወትሮው ይቀመጥ። እጃችሁን በትራሱና በታማሚው ገላ መካከል አስገቡ፤ ጭኑን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ዝቅ ብሎ የወጣውን አጥንት ፈልጉ፣ ከዚያ እግሩን መልሱ። እጃችሁ እዚያው እንዳለ ቫልቩን ከፍታችሁ አየሩን ቀስ እያላችሁ አስወጡ። ጣታችሁ በጭንቅ የሚላወስበት፣ ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ሲቀር ዝጉት። ይህ በየቀኑ ይታያል። ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲኬድ ወይም አውሮፕላን ላይ አየሩ ይለጠጣል፣ ሲወረድና ሲበርድ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከመንገድ በኋላ እንደገና ለኩ።

ሽፋኑም የራሱ ጣጣ አለው። የሚለጠጠውን የፋብሪካ ሽፋን በተወጠረ ጨርቅ የተካ ወይም ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ያጠፈ ሰው ኪሶቹን ከሥራ ውጭ አድርጓቸዋል። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስማ ጭራሽ አይሞከር፣ ዙሪያውን ደም ያግዳል። የወንበሩ ጨርቅ ረግቦ ከሆነ ከትራሱ ሥር ጠፍጣፋ ጠንካራ ሰሌዳ ይግባ። ትራሱ ሲቀየር የመቀመጫው ከፍታ ስለሚለወጥ የእግር ማሳረፊያውም ይስተካከል፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከወጣ ጭኑ ተነሥቶ ክብደቱ ሁሉ ወደ መቀመጫ አጥንት ይሄዳል።

ትልቁ ድክመቱ መዋለሉ ነው። ጉዳቱ ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ወደ ላይኛው ክፍል የሆነ፣ ደረቱንና ሆዱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ባለ አንድ ክፍል ትራስ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ አየሩ በሁለት ወይም በአራት ክፍል የተለየው ይሻለዋል። በመሸጋገሪያ ጣውላ ወደ አልጋ ማለፍም ከስፖንጁ ይልቅ እዚህ ይከብዳል። መርፌ፣ የድመት ጥፍርና ማሞቂያ ጠላቶቹ ናቸው። ቢተነፍስ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን መፈለግ፣ አድርቆ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ማጣበቂያ መለጠፍ ነው። እስኪደርቅ ድረስ የሚቀመጡበት መለዋወጫ ትራስ ግን ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ትራሱ አለ ተብሎ ጫና የማቃለሉ ልማድ አይተውም፤ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ለ2 ደቂቃ ያህል ማዘንበል ይቀጥላል። ጠዋትና ማታ ቆዳው በመስታወት ይታይ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይጎላ ከዙሪያው የጨለመ፣ የሞቀ ወይም የደነደነ ቦታ ነው የሚፈለገው። እንዲህ ያለ ምልክት ካልጠፋ በዚያ በኩል አይቀመጥ፣ ለሐኪሙም ይነገር።

አየሩን በየቀኑ የሚፈትሽ እጅ በሌለበት ቤት ግን በልክ የተቀረጸ ጥሩ ስፖንጅ እንመርጣለን።