የደላላው ደብተር፦ ድሬ ላይ አንድ ክፍል ፍለጋ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን አስቀምጦ የሚሠራ የቤት ደላላ አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ የሚመሰገንበትና የሚወቀስበት እኩል ስለሆነብኝ። ባለፈው ጥቅምት ለአንዲት ልጅ የኪራይ ክፍል ፍለጋ አሥራ አንድ ቀን አብሬው ዞሬያለሁ። ከገጠር መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ያገኘች ልጅ ወይም ዘመድ ያለቻችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ልጅቷን የማውቃት በሰባተኛነቷ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1999 ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲጀመር እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ቆጣሪ ሆኜ ቢዮ አዋሌ የሚባለው የድሬ ገጠር ደረሰኝ። ቅጹ በማሽን የሚነበብ ስለነበር ቁጥሩ ከሳጥኑ ካለፈ ተቆጣጣሪያችን ገጹን እንዳለ ያስደግመን ነበር፤ ከትምህርት ቤት ላጲስ በደርዘን ይዤ ነው የወጣሁት። ከቆጠርኳቸው ቤቶች በአንዱ ሰባት ነፍስ አገኘሁ። ሰባተኛዋ አርባ ቀኗ ገና ያልሞላ፣ በነጠላ ተጠቅልላ የተኛች። አባቷ «እሷም ትቆጠራለች?» ሲለኝ «እንዴታ!» ብዬ ሞላኋት። ያቺ ናት አሁን የልብስ ስፌት መስመር ላይ ልትሠራ የወረደችው። አባትየው ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ሊሸጥ በመጣ ቁጥር ቤቴ ሻይ ሳይጠጣ አይመለስምና አደራው እኔው ላይ ወደቀ።

ደላላው ጋ የሄድን ዕለት «ቲቸር ነሽ አይደል? ቁጭ በይ» አለኝ። አንቺ መባሌ አልገረመኝም፤ ድሬ ላይ እርስዎ የሚባለው እንግዳ ነው። እኔም በጨዋታ በቢዮ አዋሌ ቆጣሪ እንደነበርኩ ስነግረው «የመብራት ነው የውሃ?» አለኝ። የሰው ስለው ሳቀና ደብተሩን ገለጠ።

ደብተሩን ልብ ብዬ አየሁት። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ነው፣ ጥጉ በላብ የተጣጠፈ። ከየት መጣሽ? ዕድሜ? ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ሥራሽ ምንድን ነው? ባል አለሽ? ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተላቸው ሳይቀር የእኔው ቅጽ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ እኔ መልሱን ጽፌ አመስግኜ እወጣ ነበር፤ እሱ መልሱን ጽፎ ዋጋ ይቆርጥበታል። «ከዋሂል፣ 2 ሴቶች፣ ፓርክ።» «ከጃርሶ፣ ባልና ሚስት፣ ሲሚንቶ።» «ከጀልዴሳ፣ 4 ልጅ፣ ሥራ የለም» የሚለው ተሰርዟል። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ሳይካሄድ ስለቀረ፣ ማን ከየት እየመጣ የት እያደረ እንደሆነ በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው እኔ ከዚህ ሰው ሌላ አላየሁም።

የእኛ ቁጥር በቃሌ ነው፤ የደከምኩበት ስለሆነ። በ1987 ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 251,864 ነበር፤ በ1999 341,834 ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 233,224 የከተማው ነው። 76,815 ቤተሰብ ተቆጥሮ የተገኘው መኖሪያ ቤት 72,937 ነው። ቀንሱት፤ ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ቤተሰብ ያኔም ከሌላ ጋር ተደርቦ ይኖር ነበር ማለት ነው። በአንድ ቤተሰብ በአማካይ ገጠር 4.9፣ ከተማ 4.2 ሰው። ይህን ለደላላው ብነግረው «አቦ ቲቸር፣ እኔ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች በፈረቃ የሚተኙ አሉ። ቀን የምትሠራዋ ስትወጣ የሌሊቷ ትገባለች። እነሱን ስንት ብለሽ ትጽፊያቸዋለሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኛ ሰው የምንቆጥረው በዘወትር መኖሪያው ነበር፤ የእነሱ ክፍል ግን ቀን የአንዷ፣ ሌሊት የሌላዋ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ለማሳየት ብቻ በየቤቱ 100 ብር ይቀበላል፤ ወደዳችሁም ጠላችሁም። ይህን ቀድሞ አይናገርም፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ነው የደመረብን። ስንስማማ ደግሞ ከወሩ ኪራይ አሥር በመቶ ከእኛ፣ አሥር ከአከራይዋ።

መጀመሪያ ያሳየን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ርካሽ ነው፣ 1,500። ክፍሉን ሳልገባ ተመለስኩ። ሐምሌ 1998 በዚያች ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ድሬ ነበርኩ፤ ጠዋት ላይ የተማሪዎቼን ስም እየጠራሁ ስፈልግ ነው የዋልኩት። ደላላው «አሁን እኮ ግንብ ተሠርቷል» አለ። ተሠርቷል፤ እውነቱን ነው። ልጅቷም ዋጋውን ሰምታ ዓይኗ ቀርቶ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ በዚህ ከእኔ ጋር የማይስማማ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ሳቢያን ውስጥ ነው፣ 4,000 ብር። የልጅቷ ደሞዝ ተቆራርጦ ሦስት ሺህ አይሞላም። ለምን ወሰደን ስለው «እንድታዪው» አለ። ለዚያም መቶ ብር።

ሦስተኛው ወደ መልካ ጀብዱ ሲኬድ ያለ ግቢ ነው፣ 2,200፤ ከሌላ ልጅ ጋር ተጋርታ ትከፍላለች። በዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተከራየነው።

ክፍሉ ሦስት ሜትር በሦስት ነው። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ የሲሚንቶ ወለል፤ ኮርኒስ የለውም። ድሬ ላይ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ አይነገርም፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ክፍሉ የዳቦ ቤት ምድጃ ነው። አከራይዋ ቬንትሌተር ለሰኩ በወር 150 ብር ትጨምራለች፤ ቆጣሪው አንድ ነው ትላለች። ሽንት ቤቱ ለስድስት ክፍል አንድ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ጀበናው ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር የድሬ ውሃ። የከሰል ማንደጃ በረንዳ ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ ክልክል፤ ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ፤ ሰው ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ ሲተኛ ሰምተናል።

በእኔ ቅጽ ቢሆን ይህ ክፍል ከቢዮ አዋሌው ቤት ይበልጥ ነበር። እዚያ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ወለሉ አፈር ብዬ ነው የሞላሁት። ጓሮው ውስጥ የነበረውን የማሽላ ክምር የማገባበት ሳጥን ግን አልነበረም። ልጅቷ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «ፍየሏ የት ትቆማለች?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ደላላው ግን የምሯን መስሎት «ከብት አይፈቀድም» አለ።

ችግሩ ክፍያው ላይ መጣ። አከራይዋ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቀች። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቅድሚያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስልኬ ላይ ከፍቼ ለደላላው አነበብኩለት። ጨዋ ሆኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ሕጉ ቆንጆ ነው፤ እሷ ግን አላነበበችውም፤ ከኋላሽ ደግሞ ሦስት ሰው ቆሟል» አለ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ሁለቱ ቆመዋል። በመጨረሻ ያስማማን እሱ ነው፤ የሁለት ወር ተከፈለ፣ ውሉ ግን የስድስት ወር ሆኖ ቀረ። ግማሽ ሕግ በሉት። ለዚህ ድርድር ግን ወደ አከራይዋ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ ያንን አልክድም።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ ኩባንያው ከሐዲዱ ጋር ከዚራን ዛፍ የተተከለበት ሰፈር አድርጎ ሠራ፤ በእርግጥ ለአለቆቹ ነው እንጂ የእኛ አባቶችማ ከደቻቱ ማዶ በራሳቸው ጭቃ ነው የገነቡት። ቢሆንም ሥራና መኝታ አብረው መምጣት እንደሚችሉ የሚያሳይ ግንብ ዛሬም ቆሟል። ነሐሴ 2014 ነፃ የንግድ ቀጠናው ሲመረቅ ጎረቤቶቼ ያወሩት ስለ ሥራ ነበር፤ ስለ መኝታ ያነሳ አልሰማሁም። ያ ክፍተት ነው ይህን ሰው ከኒም ዛፍ ሥር ያስቀመጠው።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ለተደበቀችው መቶ ብር ነው፤ ሌላውን አቅማችን እንዳልሆነ እያወቀ ላሳየን የአራት ሺህ ብር ቤት። ሦስቱን የሰጠሁት ደግሞ የማያውቀውን «የለኝም» ስለሚል፣ ለብቻዋ የመጣች ልጅ ሲያይ ወንበሩን ስለሚለቅ፣ ከተከራየንም በኋላ መቀርቀሪያው እንደላላ ስንነግረው ራሱ አናጢ ይዞ ስለመጣ ነው። ሌላ ሁለት ደላላ ሞክሬያለሁ፤ ገንዘብ ተቀብለው የውሃ ሽታ ሆነዋል።

የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በርጫ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም፤ ቢያነሳም ለሁሉም ቤት «አለ» ነው የሚለው። የማሳያውን ሒሳብ ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። ቤቱን ደግሞ ጠዋት ሳይሆን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ራሳችሁ ግቡና አሥር ደቂቃ ቁሙበት። ልጅቷ ወር ሞላት፤ ትናንት መጥታ አብራት የምትኖረው ልጅ ወደ ሐረር ልትመለስ ስለሆነ ግማሹን ኪራይ የሚጋራት ሰው እንድፈልግላት ጠይቃኛለች። ነገ ጠዋት ወደ ኒሙ ዛፍ ነኝ።