ባሌት ለምትወድ ልጅ፣ ከደሴ የትኛው መንገድ ይሻላል?

እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ «ባልቴት ነው ያልሽኝ?» አለች። ቡና ላይ ነበርን፣ ቶናው ላይ። «ባሌት ነው እማ፣ ዳንስ ነው» አልኳት። «እሱማ እስክስታ አለላት አይደል እንዴ» ብላ ሲኒዋን ተቀበለች።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ካየች በኋላ ሳሎኑን በእግር ጣቷ ስታካልለው ከረመች። አሁን አስራ አንድ ሞልቷታል፣ ነገሩም አልበረደላትም። በነዚህ ሁለት ዓመታት ብዙ ሞክረናል፤ ገንዘብም በትነናል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይ ወልዲያ ሆናችሁ እንደኔ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ ያሉንን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፤ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይቀየራል።

መጀመሪያ ግን የምንገዛውን ነገር እንወቀው። የሙያ ባሌት ትምህርት ቤት ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚባልበት ክበብ አይደለም። ልጁ ቀለሙንም ዳንሱንም አንድ ግቢ ውስጥ ይማራል፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያድራል። የለንደኑ ሮያል ባሌት ስኩል ታናናሾቹን ከ11 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው ቫጋኖቫ አካዳሚ ደግሞ በ10 ዓመት አካባቢ ወስዶ ስምንት ዓመት ያሠለጥናል፤ የተመሠረተው በፈረንጆቹ በ1738 ነው። የፓሪስ ኦፔራው ከሱም ይቀድማል፣ 1713። እዚያ በየዓመቱ ፈተና አለ፤ የማያልፍ ይሰናበታል። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ አዳሪ የባሌት ትምህርት ቤት የለም።

የመግቢያ ፈተናው እንዴት ነው? ልጆቹ ልብሳቸው ላይ ቁጥር ይለጠፍላቸዋል። ልክ እንደ ክፍል ባሩን (ግድግዳው ላይ ያለውን መያዣ እንጨት) ይዘው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ መሐል ይወጣሉ፣ ይዘላሉ። ወላጅ ውጭ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። በዚህ ዕድሜ ልጁ ስንት እርምጃ እንደሚያውቅ ብዙም አያስጨንቃቸውም። እግሩ ከዳሌው ወደ ውጭ ምን ያህል ይዞራል? ውስጥ እግሩ ቅስት አለው? ጀርባው ይታጠፋል? ሙዚቃው ሲጀምር ፊቱ ምን ይሆናል? አንድ ነገር ሲታረምለት በሚቀጥለው ዙር ያስተካክላል? ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። እኔ ሁሉንም አማራጭ የምመዝነው በሷ ነው፤ ልጅህን የሚያርም ዓይን አለ ወይስ የለም?

ስልኩ

ርካሹ መንገድ ይሄ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከጀማሪ ጀምሮ ነጻ ትምህርት ሞልቷል። መብራት ካለ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ መጀመር ነው። ልጄ እንደዚያ ነው የጀመረችው። ቃላቱን ሁሉ ከዚያ ለቀመች፤ ፕሊዬ፣ ታንዱ፣ አራቤስክ ስትል ወንድሟ ምግብ መስሎት ነበር።

ችግሩ ስልኩ አያይም። ከአራት ወር በኋላ ጉልበቷን አመማት። ወጌሻ ጋር ሄድን፣ ሐኪም ጋርም ሄድን፤ ስብራት የለም። ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን ከፊቷ ቁጭ ብዬ ሳያት ነው። የእግር ጣቶቿ ግራና ቀኝ ወደ ግድግዳ ያያሉ፤ ጉልበቷ ግን ፊት ለፊት እኔን ያየኛል። እግር መዞር ያለበት ከዳሌ ነው። ዳሌው እምቢ ሲል ልጅ ከቁርጭምጭሚቱ ጠምዝዞ ያሟላዋል፤ ዕዳውን ጉልበት ይከፍላል። እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁን ፕሊዬ (እግር ከፍቶ ጉልበትን ማጠፍ ነው) አሠሯትና እዩ። ጉልበቷ ከጣቶቿ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከወደቀ እግሯን ወደ ውጭ ያዞረችውን ትንሽ ትቀንስ። ለዚህ ሙያ አያስፈልግም፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል።

በቀጥታ በቪዲዮ እያየ የሚያርም አስተማሪስ? እሱ ከዩቲዩብ በብዙ ይሻላል። እኔ ግን ተበልቼበታለሁ። ውጭ ያለ ዘመድ አስቸግሬ ለአስር ክፍለ ጊዜ አስቀድሜ አስከፈልኩ፤ ሦስቱን አስተምሮ ጠፋ። ስሙን አልጠራም። እናንተ ግን በየክፍለ ጊዜው ክፈሉ፤ አስተማሪው «የልጅቷን ሙሉ ቁመት አሳዩኝ» ካላላችሁ ደግሞ ያን ቀንም አትክፈሉ።

ስለ ወለልም ላንሳ፤ ማንም አይነግራችሁማ። ቤታችን ሊሾ ነው፣ የብዙዎቻችሁም ሊሾ ወይ ሴራሚክ ይሆናል። ሲሚንቶ ላይ መዝለል የቅልጥምን አጥንት ይጎዳል። የዳንስ ቤቶች ወለል ከሥሩ የሚለጠጥ እንጨት ነው። ፍራሽ ማንጠፍ ደግሞ ይብሳል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። እኛ ለአናጢ ነግረን ሁለት ኮምፔርሳቶ አገጣጠምን፤ ከሥሩ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ዘረጋንበት። ከሁሉም ወጪያችን ያልቆጨኝ ይሄ ነው። እስኪሠራ ድረስ ባሩን ብቻ ትሥራ፣ ዝላይ ይቅርባት። የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ እያለ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ጡንቻ መወጠር በጅማት መጫወት ነው። ካልሲና ሹራብ ደርባ፣ ሩብ ሰዓት ተንቀሳቅሳ ትጀምር። የኮምቦልቻ ሰዎች በዚህ ታድላችኋል።

የኪነት ቡድኑ

እናቴ ልክ ነበረች፣ ቢያንስ በግማሽ። ወሎ ውስጥ ልጅ ለማስጨፈር አስተማሪ አይጠፋም። ማሪቱ ለገሰ የወጣችበት የላሊበላ ኪነት አገር ነው። የባህል ውዝዋዜ የሚያሠለጥኑ ቡድኖችና የትምህርት ቤት ክበቦች አሉ፤ ክፍያቸውም ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ልጄን አንዱ ጋር አስገባኋት።

ያገኘችውን ስልኩ በአስር ዓመት አይሰጣትም። ፊት ለፊቷ ቆሞ «እዚህ ጋ ቀደምሽ» የሚላት ሰው አገኘች። ከበሮና ማሲንቆ ሰማች፤ ከመሣሪያው ጋር ስትሄድና ሲቀድማት የሚሰማት ጆሮ አወጣች። አምባሰልን ከባቲ ለይታ ታወራለች፣ እኔ ራሴ እስከዛሬ አምታታለሁ። ሰው ፊት መቆም ለመደች። ፈተና ላይ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ብዙ ነው፤ ሆጤ ሜዳ በበዓል ቀን የጨፈረ ልጅ ግን ሦስት ፈታኝ አያስፈራውም።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ኪነቱ «ትከሻሽ የታለ? አንቀሳቅሺው!» ይላታል፤ ባሌቱ «ትከሻሽን አውርጂ፣ ይቁም!» ይላታል። የኛ ውዝዋዜ ጉልበት አጠፍ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ባሌት ወደ ላይ ይሳባል። መጀመሪያ ሁለቱ ይጋጩባታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለት ወር ተምታቱባት፣ ከዚያ ለየቻቸው። ልጅ ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያወራ ይምታታበታል እንዴ?

አዲስ አበባ

እዚያ ለልጆች ባሌት የሚያስተምሩ ጥቂት ስቱዲዮዎች አሉ። ዘመናዊ ዳንስ ከሆነ ደግሞ ዴስቲኖ የሚባለው የዳንስ ቡድን አለ፤ መሥራቾቹ ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ ራሳቸው በልጅነታቸው አዱኛ በሚባለው የጎዳና ልጆች የዳንስ ፕሮጀክት ያደጉ ናቸው። ልጃችሁ አክሮባት የሚቀናው ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ደብረ ብርሃን ሰርከስ አላት፤ እሱን ሳታዩ አትለፉ።

«አክስቷ ጋ ትሁንና እዚያ ትማር» የሚለውን ግን እኔ አልመክርም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ለሚሰጥ ክፍል የአስር ዓመት ልጅ ከቤቷ ማውጣት ሒሳቡ አይገባም። ዘመድ ቤት ያለች ልጅ ደግሞ ሳታስቡት ዕቃ አጣቢ ትሆናለች፤ እንዋሽ ካላልን በቀር ሁላችንም እናውቀዋለን። የተሻለው የክረምቱ እረፍት ነው። አንዳችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ ሦስት አራት ሳምንት በየቀኑ ትሥራ። ስትጨርስ አስተማሪዋን ለብቻ አግኝታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ያንቺ ልጅ ብትሆን ፈተና ታስወስጃታለሽ?» እኔ ስጠይቅ መምህሯ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ጆሮዋ በጣም ጥሩ ነው፣ ዳሌዋ ግን ገና በደንብ አይዞርም፤ ሁለት ዓመት ስጪያት» አለችኝ። በዚያ ቀን ለብዙ ወጪ የተዘጋጀሁበት ኪሴ አረፈ።

ውጭ አገር

ሕልሙ አለ፣ አልክድም። በፈረንጆቹ በ2020 ባዶ እግሩን ዝናብ ላይ ሲደንስ የታየው የሌጎሱ ልጅ አንቶኒ ማዱ በኋላ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ያለው ኤልምኸርስት የባሌት ትምህርት ቤት ገብቷል። ከናይሮቢ ድሃ መንደር የተነሳው ጆኤል ኪዮኮ ለንደን ድረስ ሄዶ በኢንግሊሽ ናሽናል ባሌት ትምህርት ቤት ተምሯል። ልብ በሉ ግን፣ ሁለቱም መጀመሪያ እዚያው ሰፈራቸው የሚያርማቸው አስተማሪ አግኝተዋል። ቪዲዮው በኋላ ነው የመጣው።

ክፍያው ለውጭ ተማሪ በዓመት በአስር ሺዎች ፓውንድ ይቆጠራል። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ ለአገሩ ነዋሪ ነው። ስለዚህ ለኛ ስኮላርሺፕ ካልተገኘ በሩ ዝግ ነው። 11 ዓመት አለፋት ብላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። በ16 ዓመት የሚገባበት ከፍተኛ ክፍልም አለ፤ በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ ያለው የሎዛን ውድድር (ፕሪ ደ ሎዛን) ደግሞ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው የሚያወዳድረው፣ ማጣሪያውም በቪዲዮ ነው። «ገንዘቡን ላኩ፣ ቦታ ተይዞላታል» የሚል ደላላ ከመጣ ግን በሩን አሳዩት። ትምህርት ቤት ልጅ ሳያይ ቦታ አይዝም።

ለቪዲዮው ደግሞ ካሜራ ባለሙያ አትቅጠሩ። ስልኩን አግድም፣ ወገብ ከፍታ ላይ አቁሙት። ከጣት እስከ እግር ጥፍር ሳትቆረጥ ትታይ። ጀርባዋ ባዶ ግድግዳ ይሁን፤ የኛ ቡፌና የሠርግ ፎቶ ስለነበረበት አንሶላ ሰቀልንበት። ባሩን በሁለቱም ጎን ትሥራ። ልብሷ ገላ ላይ የሚያርፍ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ነው። ይሄ ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም። ሸፈን የሚያደርግ ጥብቅ ሱሪና እጅጌ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቅርጹ ከታየ የሚቀበሉ አሉ።

ጫማው

እዚህ ላይ እንደ ሐበሻ ወላጅ ካሰባችሁ ትከስራላችሁ። ዱባይ ያለችው እህቴ የመጀመሪያውን ጫማ የላከችው «ታድግበታለች» ብላ ሁለት ቁጥር ጨምራ ነው። ልጅቷ ስትዞር ጫማው ቆሞ እግሯ ብቻ ዞረ፤ ወደቀች። የባሌት ጫማ እንደ ጓንት ነው የሚለካው። ጣቶቿ ሳይታጠፉ ጫፉን መንካት አለባቸው፣ ከፊት የሚታጠፍ ትርፍ ጨርቅ አይኑር።

ቆዳ ወይስ ሸራ? ቆዳው ይቆያል፣ ለሻካራ ወለል ይሻላል። ሸራው ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ እግር ላይ ቶሎ ይቀመጣል፤ ግን ይበሳል። እኛ ኮምፔርሳቶው ላይ ሸራ ነው የያዝነው። ሶሉ ሙሉ የሆነውን ለጀማሪ፣ መሐሉ የተከፈለውን ለቆየ ልጅ። የተከፈለው እግር ያሳምራል፣ ሙሉው ግን የውስጥ እግርን ጡንቻ ያሠራል። ላስቲኩ ሳይሰፋ ከመጣ ማንም ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል።

ያ ሪባን ያለው፣ ጫፉ ደረቅ የሆነው ፖይንት ጫማ ግን በምንም ዓይነት በስጦታ እንዳይላክ። ብዙውን ጊዜ 11፣ 12 ዓመት ሳይሞላ፣ ያውም የተወሰነ ዓመት ሥልጠና ሳይኖርና አስተማሪ እግሯን ሳያይ አይደረግም። ልጄ ለሱ ስትል አንድ ቀን ሙሉ አኩርፋኛለች። ትኩረፍ።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፣ ከ11 በታች ላለ ልጅ ኪነት ቡድን፣ ኮምፔርሳቶ፣ በክረምት አዲስ አበባ፤ ስልኩ ለቃሉና ለሙዚቃው ብቻ። የውጭውን ፈተና የሚያርማት መምህር «አሁን» ስትል። በጀት አንድ ነገር ብቻ ከፈቀደ ኪነቱን።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች፣ ጫማው አለቀ አይደል ስንት ቁጥር ልላክ ብላ። ልጅቷን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመን እግሯን በእርሳስ ዞርነው፤ ፎቶ አንስተን ላክንላት። ከመላካችን በፊት ልጅቷ ወረቀቱን ነጥቃኝ ከሥሩ በትልቁ ጻፈችበት፣ «አክስቴ፣ አንድም ቁጥር እንዳትጨምሪ»።