ሐረር የጅብ ምገባ ልትሄዱ ከሆነ ለፎቶው አትቸኩሉ

ትናንት ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ከአስጎብኚ ጋር በባጃጅ ሄድኩ። በጣም ወድጄዋለሁ። ሰውዬው ጅቦቹን በስም እየጠራ ስጋውን በእንጨት ጫፍ ያቀብላቸዋል፤ እንግዳው ተራ በተራ እንጨቱን በአፉ ይዞ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። እኔም ተነሳሁ። ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ሲያርፍ ልቤ ቀጥ አለ።

ለእኔ ግን ዋናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ዳር ቁጭ ብዬ ማን ቀድሞ እንደሚበላ ማየት ስጀምር። አንዷ ትልቅ ስትመጣ ሌሎቹ ጆሯቸውን አጥፈው፣ ጅራታቸውን ሸጉጠው ዞር ይላሉ። ተረታችን «አያ ጅቦ» ይበል እንጂ በባለነጠብጣብ ጅቦች ቤት የበላይዋ ሴቷ ናት። ደረጃውም ከእናት ይወረሳል፤ ግልገል ሲጣላ እናቱ ስለምታግዘው ሌሎቹ ከእሷ ቀጥሎ ለእሱ ቦታ መልቀቅ ይለምዳሉ። ወንዱ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ መንጋውን ትቶ ይሄዳል፣ በአዲሱ መንጋም ከሁሉ በታች ሆኖ ይጀምራል። የማያውቁት አገር የሄደ ጅብ ቁርበት የሚያነጥፍለት ቀርቶ የሚበላበት ተራ የሚሰጠውም የለም!

ለምን እንዲህ ሆነ? ታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ላይ 8 መንጋዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ሁለት ጅቦች ሲፋጠጡ የሚያሸንፈው ጉልበት ያለው ሳይሆን ከኋላው ብዙ ደጋፊ ያለው መሆኑን አሳይተዋል። ሴቷ እናቷም እህቶቿም አጠገቧ ናቸው። ስደተኛው ወንድ ማን አለው? ኬንያ ማሳይ ማራ ላይ ከ1988 ጀምሮ ጅብ ስታጠና የኖረችው ኬይ ሆልካምፕና ባልደረቦቿ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያነሳሉ፦ አጥንት የሚሰብረው መንጋጋ እስኪጠነክር ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ቦታ የምታስለቅቅለት እናት የሌለችው ግልገል ከትልልቆቹ ጋር ተሻምቶ አይጠግብም፤ ሴቷን የበላይ ያደረጋትም ይሄው ነው ይላሉ። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው፤ ትናንት አንዱ ትንሽ ከእናቱ ጎን ተለጥፎ ሲበላ ስላየሁ።

ቅሬታዬ ያመጣን አስጎብኚ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዷን አልነገረንም፣ «ፎቶ ተነሳችሁ አይደል? በሉ እንሂድ» ብቻ። የመኪና መብራቱም አላስፈላጊ ነበር። ስለዚህ በራሳችሁ ሂዱ። ባጃጁ እንዲጠብቃችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ዳር ያዙ።

ዛሬ ማታ እመለሳለሁ። ጨለማው ውስጥ ቆሞ እስከ መጨረሻው ያልቀረበ አንድ ጅብ ነበር፤ ዛሬስ ይቀምስ ይሆን?