ድሬዳዋ ውስጥ የካምቢዮ ኦይል ሲል ለምታስቀይሩ ሁሉ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ይዛችሁ ድሬዳዋ የምትኖሩ፣ ወይም ከሐረርና ከአወዳይ ለጥገና ወደ ድሬ የምትወርዱ ሁሉ፣ ንዴቴ ሳይበርድ የጻፍኩትን ይህን ማስጠንቀቂያ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። የጋራዡን ስም አልጠቅስም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ኃላፊው ኮፈኑ ሳይከፈት ሕመሙን ይናገራል፤ «ቀላል ናት፣ ዛሬውኑ ትወጣለች» ይላል፤ እናንተ ስለ ዋጋ ለመጠየቅ ስታስቡ መኪናችሁ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ወልቋል፤ ከዚያ በኋላ በሚጠራው ዋጋ ብትከራከሩ የተፈታ መኪና ይዛችሁ የትም መሄድ እንደማትችሉ እርሱም እናንተም ታውቃላችሁ።

የእኔ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች ኮሮላ ስትሆን፣ የግራው አክስል ካምቢዮው ውስጥ በሚገባበት ቦታ በኩል ቀዩ የካምቢዮ ዘይት ይንጠባጠብ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ኦይል ሲል በብረት ቀለበት ላይ የተለበጠ ጎማ ነው፤ ከጎማው ከንፈር ጀርባ የተጠመጠመች ቀጭን ስፕሪንግ ከንፈሩን በሚሽከረከረው አክስል ላይ አጥብቃ ስለምትይዘው ዘይቱ ከውስጥ አይወጣም። ጎማው በዕድሜና በሙቀት ሲደርቅ ዘይቱ መንገድ ያገኛል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ለጎማ እንደማይራራ ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። ጥገናው ራሱ የተሰወረ ጥበብ የለበትም። ዘይቱ ከካምቢዮው ተቀድቶ ይወጣል፣ አክስሉ ይነቀላል፣ አሮጌው ሲል ቦታውን ሳይቧጥጥ ይወጣል፣ አዲሱ ሳይዘም ዙሪያውን በእኩል እየተመታ ይገባል፣ አክስሉ ሲመለስ ጥርሱ የአዲሱን ጎማ ከንፈር እንዳይቆርጠው ይጠበቃል፣ በመጨረሻም የጎደለው ዘይት በትክክለኛው ዓይነት ይሞላል። ክፋቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ አክስሉ አንዴ ከተመለሰ የከፈላችሁበት ዕቃ ለዓይን ስለማይታይ፣ መቀየሩን ለማረጋገጥ ያንኑ ሁሉ ሥራ እንደገና ማስፈታትና እንደገና መክፈል ግድ ይላችኋል። ሌባው የሚተማመነው በዚሁ ነው።

የሚያፈሰው የግራው ብቻ ቢሆንም ኃላፊው «መነካቱ ካልቀረ የቀኙም ይቀየር» ስላለኝ ተስማማሁ፤ ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ፈቅዶ አንድ ረዳት ልጅ አስከተለኝ። ልጁ ለምን እንደተከተለኝ፣ ማለትም ከመለዋወጫ ሱቁ የምትገኘው ኮሚሽን እንዳታመልጥ መሆኑን፣ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሻጩ የግራውና የቀኙ መጠን አንድ ስላልሆነ እንዳይምታታብኝ ሲያስጠነቅቀኝ፣ ከቦርሳዬ ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥቼ በአንደኛው ሳጥን ላይ «ግራ»፣ በሌላው ላይ «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም የከፈልኩትን ዋጋ አሰፈርኩ። ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ስለሆነ በገዛሁት ነገር ሁሉ ላይ ዋጋ የመጻፍ ልማድ አለብኝ።

ሁለቱንም ሳጥኖች ለኃላፊው በእጁ አስረከብኩ። አመሻሹ ላይ ስመለስ መኪናዋ ወርዳ፣ ጎማዋ ታስሮ፣ ሥሯ በቤንዚን ታጥቦ ጠበቀችኝ። የወለቁትን አሮጌ ሲሎች እንዲያሳየኝ ስጠይቀው «ቆሻሻ ነው፣ ተጥሏል፤ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። የእጁን ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ያው ቀይ ጠብታ በግቢዬ ሲሚንቶ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ሐረር ስወጣ፣ ደንገጎ ሽቅቡ ላይ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልጎትትም አለች። ዘይቱ ሲጎድል የካምቢዮው ፓምፕ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በውስጥ ያሉት፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያሻግሩት ፍሪሲዮኖች መያዝ አቅቷቸው እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከኋላዬ የጫኑ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ዳር መቆሙ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። እንደምንም አዙሬ ቁልቁለቱን በዝግታ ወርጄ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ኃላፊው በርጫ ላይ ነበር። ጉንጩ እንደተወጠረ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ መኪናዋንም ሳያይ ፍርዱን ሰጠኝ። «የገዛሽው ዕቃ ፎርጅድ ነው፤ ሻጩ ሸውዶሻል። እኔ ጋ አንድ ኦሪጅናል የጃፓን አለ፣ ለራሴ መኪና ያስቀመጥኩት ነው፤ ላንቺ ስል ልስጥሽ» አለና ረዳቱን ጠርቶ ከመሳቢያው እንዲያመጣ አዘዘው። ልጁ፣ ያ ከእኔ ጋር ሱቅ የሄደው ልጅ፣ አንዴ እኔን አንዴ አለቃውን እያየ ቆመ፤ ሁለተኛ ሲጮኽበት ሄደና ሳጥኑን አምጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ፤ ወዲያውም ሥራ እንዳለበት ሰው ተጣድፎ ወጣ። ኃላፊው ዋጋ ጠራልኝ። እኔ ለመኪናዬ የሚሆን መሆኑን ለማየት ሳጥኑን አንሥቼ ሳገላብጠው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ግራ» የሚል ተጽፎበታል፤ ከሥሩም እኔ የከፈልኩት ዋጋ ሰፍሯል። የራሴን ዕቃ፣ የራሴ የእጅ ጽሕፈት እየታየ፣ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ እየጠራ ሊሸጥልኝ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩት፤ አዲሱ ሲል የታሸገበት ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ ውስጡ ተቀምጧል።

«ይህ የእኔ ጽሕፈት ነው» አልኩት። ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን «አቦ ተይን! ግራ ብሎ መጻፍ የሚችለው አንቺ ብቻ ነሽ?» ብሎ አብረውት የተቀመጡትን አሳቃቸው። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሳጥኑ ጎን ላይ፣ ዓይኑ እያየ፣ ያንኑ ቃል ጻፍኩ፤ ሁለቱ ጽሕፈቶች ጎን ለጎን አንድ ናቸው። አንደኛው ጓደኛው አይቶ ዝም አለ። ኃላፊው ግን ሳጥኑን ከእጄ ወስዶ ከመከዳው ሥር አደረገውና «ከሴት ጋር የመኪና ወሬ አላወራም፤ ባል ካለሽ ላኪው» አለኝ። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም በእኩል «አንተ»፣ «አንቺ» እያለች የምታናግር ከተማ ስለሆነች በአነጋገሩ የሚከፋ ሰው አልነበርኩም፤ ያቃጠለኝ መያዙን እያወቀ ለመዋሸት እንኳ ሳይደክም፣ ምንም እንደማላመጣ ቆርጦ መናገሩ ነው። ገንዘቤን ወስዶብኛል፤ ከገንዘቤ ይልቅ ያ ሣቅ ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው።

መኪናዋን አስጎትቼ ሌላ ሰፈር ላለ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ወሰድኩ። እርሳቸው ፊቴ ላይ አክስሉን ሲነቅሉ ፋብሪካው የገጠመው አሮጌ ሲል በቦታው ነበር፤ ጎማው ደርቆ በጥፍር ሲነኩት ይሰነጠቃል፤ ዙሪያው ደግሞ ግራጫ ሲሊኮን ተለቅልቆበታል። ሲሊኮኑ ከብረቱ ውጭ ያለውን ጠርዝ እንጂ አክስሉ የሚሽከረከርበትን ከንፈር ሊያሽግ ስለማይችል፣ ለጥቂት ጊዜ ከማታለል የበለጠ ሥራ የለውም። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው አሸተቱና እኔንም አስሸተቱኝ፤ ጠቁሯል፣ ተቃጥሏል። በአንድ ጎማ ቀለበት የሚያልቀው ጉዳይ አሁን ካምቢዮ ማስወረድ ሆኗል።

ለመክሰስ ስነሣ በእጄ ያለው ማኅተም የሌለበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ሳትቀበሉ አትውጡ። አዲሱ ሲል ሲገባ ቆማችሁ እዩ፣ አሮጌውን በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ዘይቱም ለመኪናችሁ የታዘዘው ዓይነት መሆኑን ከጣሳው ላይ አንብቡ፤ ለእኔ ኮሮላ የታዘዘው ቲ-ፎር የሚባለው ነው። የቀኙን ሲል ሳጥን እስካሁን አላየሁትም። አንድ የጋራዥ ኃላፊ «ለራሴ ያስቀመጥኩት ነው» ብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቀኝ» የተባለበት ሳጥን ካወጣላችሁ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ዋጋውም ከሥሩ ተጽፏል።