ላይትቢም 5ኤሲ ጄን 2ን ለወራት ተጠቅሜ ያየሁት፦ ከሲግናሉ ይልቅ ኤርታይሙን እዩ

አዳማ ላይ ሁለት ቦታ እንሠራለን። ቢሮው ፋይበር ገብቶለታል፣ መጋዘኑ ጋ ግን አልደረሰም። በመካከላቸው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያገናኘኋቸው በሁለት የዩቢኪቲ ላይትቢም 5ኤሲ ጄን 2 ነው፣ ኔትወርክን ያለ ኬብል በሬዲዮ ከዲሽ ወደ ዲሽ የሚያሻግር ዕቃ ነው፣ አንዱ ዲሽ ቢሮው ጣሪያ ላይ፣ ሌላው መጋዘኑ ላይ። የበጋውን ንፋስም የክረምቱን ዝናብም አብረን አሳልፈናል። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ እኔ ዛሬም ይሄንኑ ነው የምገዛው። ግን ሊንኩ (በሁለቱ ዲሾች መካከል ያለው ግንኙነት) ምን ያህል እንደሚሸከም ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁሉም የሚያየውን ቁጥር አይቶ ቢረካ ይሸወዳል።

ስለ ዕቃው ቶሎ ልበልና ልለፍ። በ5 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፣ ዲሹ ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብበት አቅም 23 ዲቢአይ ነው። በኬብሉ በኩል 24 ቮልት ይወስዳል፣ ከ7 ዋት በላይ አይበላም፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ባትሪ ብዙ ሰዓት ይይዘዋል። ለማስተካከያ ብቻ የሚሆን የራሱ ዋይፋይ ስላለው ጣሪያ ላይ ላፕቶፕ ይዞ መውጣት የለም፣ ስልክ ይበቃል። ዝናብ ምንም አላደረገውም። በዚህ ፍሪኩዌንሲና በዚህ ርቀት ዝናብ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። የሚያሳስበው መሀል ላይ የሚቆም ነገር ነው። ሁለቱ ዲሾች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም፤ በ2 ኪሎ ሜትር ላይ መሀሉ ጋ ከመስመሩ ዙሪያ ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ነፃ ቦታ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ወይም እየተሠራ ያለ ፎቅ መሀል ላይ ካለ ከአሁኑ አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው። የዕቃውን ገጽ ስትከፍቱ ሲግናል፣ ካፓሲቲ እና ኤርታይም የሚባሉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አብዛኛው ሰው፣ የሚገጥሙት ባለሙያዎች ጭምር፣ ሲግናሉን አይቶ ከ-60 የተሻለ ከሆነ (ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል) «አሪፍ ነው» ብሎ ከጣሪያው ይወርዳል። ሲግናል የሚነግራችሁ ድምፁ ምን ያህል ጎልቶ እንደደረሰ ብቻ ነው። አጠገቡ ስንት ሰው እየጮኸ እንደሆነ አይነግራችሁም። ካፓሲቲ፣ ማለትም ሊንኩ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት ማሳለፍ እንደሚችል፣ ሁለቱንም ያገናዘበ ግምት ስለሆነ ይሻላል። እሱም ቢሆን የመጨረሻው ገደብ ነው እንጂ በስፒድ ቴስት የምታገኙት ቁጥር አይደለም፣ ምክንያቱም ሬዲዮው እየላከ መቀበል አይችልም፣ በተራ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ኤርታይም ነው። ሬዲዮው ካለው ጊዜ ስንት ፐርሰንቱ እንደተያዘ ያሳያል። በእኛ ሁኔታ ላስረዳ። መጋዘኑ ውስጥ 8 ካሜራ አለ፣ እያንዳንዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት (ሜጋ) ይልካል፣ በጠቅላላው 32 ሜጋ ቀንም ሌሊትም ወደ ቢሮ ይሄዳል። ካፓሲቲው 200 ሲሆን ይሄ 16 ፐርሰንት ነው፣ ምንም አይደለም። ሬዲዮው ግን መስመሩ ሲበላሽ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፦ ገጹ ላይ የፍጥነቱን ደረጃ የሚያሳየው 8ኤክስ 4ኤክስ ይሆናል፣ ካፓሲቲው በግማሽ ይወርዳል። ያው 32 ሜጋ አሁን 32 ፐርሰንት ይይዛል። የትራፊክ ግራፉን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም ለውጥ አያይም! ካሜራው መቆራረጥ እስኪጀምር ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል።

አዳማን የሚያውቅ ንፋሷን ያውቃል፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫውን እዚያ የተከሉት በምክንያት ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ የመጋዘኑ ዲሽ የታሰረበት ቱቦ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር። የሲግናሉ አማካይ ያምራል፣ ኤርታይሙ ግን በዚያው ሰዓት እየወጣ ይወርዳል። ቱቦውን በወፍራም ቀይረን በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥረን አሰርነው፣ ግራፉ ቀጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ሕንፃ ላይ ሌላ ዲሽ ተተከለና ኖይዙ (ከሌሎች ሬዲዮዎች የሚመጣው ረብሻ) ጨመረ። እዚህ ላይ ቻናሉን፣ ማለትም ሬዲዮው የሚጠቀምበትን የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ከ40 ሜጋኸርዝ ወደ 20 ማጥበብ ነው የረዳን። ካፓሲቲው ወደ 100 አካባቢ ወረደ፣ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። የሚዋልል 200 ከሚሰጠኝ የማይነቃነቅ 100 ይሻለኛል፣ በተለይ ለካሜራ።

አንድ ሌላ መታየት ያለበት ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ገና በ40 ሜጋኸርዝ እያለን ካፓሲቲው 200 እያለ ስፒድ ቴስቱ 94 ላይ ይቆም ነበር። 94 ስታዩ ሬዲዮውን አትንኩት፣ ኬብሉን ተመልከቱ። ጊጋቢት የኬብሉን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፣ አንዱ በደንብ ካልተነካካ ፖርቱ ወደ 100 ይወርዳል። የእኛ ኬብል ጫፉ ላይ በደንብ አልተመታም ነበር፣ ኮኔክተሩ ተቆርጦ እንደገና ሲመታ ተስተካከለ።

ክትትሉን በተመለከተ፣ የዕቃው የራሱ ገጽ የአሁኑን ነው የሚያሳየው፣ ያለፈውን ሳምንት ከዚያ አታገኙም። ዩአይኤስፒ የሚባለውን የካምፓኒውን ሶፍትዌር ቢሮ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት፣ በነፃ ነው፣ ታሪኩን ይይዛል፣ ሊንኩ ሲወርድም መልእክት ይልካል። በሌላ ሶፍትዌር በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ዕቃዎች ቁጥራቸውን ለክትትል ሶፍትዌር የሚሰጡበት መንገድ) የምትከታተሉ ከሆነ ያለፈውን ዳታ የሚቆጥረውን 64 ቢት ቆጣሪ ምረጡ። 32 ቢቱ በ100 ሜጋ ፍጥነት ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል፣ ግራፋችሁም ይዋሻችኋል። የ5 ደቂቃ አማካይም ብቻውን አይታመንም፤ ለሃያ ሰከንድ ጥግ የነካ ሊንክ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል፣ ቪዲዮው ግን የተቆረጠው በዚያች ሃያ ሰከንድ ነው።

እኔ የያዝኩት መስመር 70 ፐርሰንት ነው፦ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ኤርታይሙ ከዚያ እንዲያልፍ አልፈልግም። አሁን መጋዘኑ ላይ 8 ካሜራ ልንጨምር ነው። ሌላ 32 ሜጋ ማለት ነው፣ በ100 ካፓሲቲ ላይ ካሜራ ብቻውን 64 ፐርሰንት ይሆናል፣ የሠራተኞቹ አጠቃቀም ሲጨመርበት ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የነበሩትንም አዲሶቹንም ካሜራዎች ከኤች 264 ቪዲዮውን በይበልጥ ወደሚያጨምቀው ኤች 265 እንቀይራቸዋለን፣ ትራፊኩ በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ኤርታይሙን አንድ ሳምንት አይቼ ነው አዲስ ዲሽ ያስፈልግ እንደሆነ የምወስነው።